ሎግ ቡክ ሊብሬ አይደለም፦ በእንግሊዝ አገር ያገለገለ መኪና ለሚገዛ ሰው የቀረበ የማጣሪያ አገልግሎት ግምገማ

የአክስቴ ልጅ በለንደን ምዕራባዊ ዳርቻ በሚገኝ መጋዘን የሌሊት ፈረቃ ሥራ ባገኘ ጊዜ፣ አውቶቡስ በሚሳሳበት ሰዓት የሚያመላልሰው መኪና የግድ አስፈለገውና በሁለት ዓመት ያጠራቀመውን 4,500 ፓውንድ ይዞ ወደ እኔ መጣ። የመጀመሪያዋን መኪና ለማየት አብረን በሄድንበት ዕለት ሻጩ ሎግ ቡክ የሚባለውን የመኪናዋን የምዝገባ ወረቀት አውጥቶ አሳየን፤ ልጁም ስሙን ካነበበ በኋላ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ በአማርኛ፣ «ጋሼ፣ ሊብሬው በሰውየው ስም ነው፤ ከዚህ በላይ ምን እናጣራለን?» አለኝ። ጥያቄው አያስነቅፈውም፤ እኔም ወደዚህ አገር በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት መኪና ስገዛ ያመንኩት ይህንኑ ነበር። ይህን ግምገማ ለመጻፍ የተነሣሁት፣ መንግሥት በነጻ የዘረጋው የተሽከርካሪ ማጣሪያ እጅግ ጠቃሚ ሆኖ ሳለ የት ላይ እንደሚያበቃ የማያውቅ ገዢን ልቡን አላግባብ ሊያሳርፈው ስለሚችል ነው።

አገር ቤት መኪና የገዛ ሰው አሠራሩን ያውቀዋል። ሊብሬው ላይ የሰፈረው ሰው ባለንብረት ነው፤ ቦሎው የዓመቱን ምርመራ ማለፉን ያሳያል፤ ዕዳና እገዳ መኖር አለመኖሩ ከመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ይጣራል፤ ውሉም ውልና ማስረጃ ፊት ይፈረማል። በእንግሊዝ አገር ግን ሻጭና ገዢ የሚገናኙት ብዙ ጊዜ በአንድ ቤት ደጃፍ ሲሆን፣ በመካከላቸው ውሉን የሚያረጋግጥ የመንግሥት ሹም የለም። ቪ ፋይቭ ሲ የሚባለው ሎግ ቡክ ራሱ ሕጋዊ የባለቤትነት ማስረጃ አለመሆኑን በላዩ ላይ ጽፎ ይዟል። በእርሱ ላይ ስሙ የሰፈረው ሰው የመኪናው የተመዘገበ ያዥ ነው፤ ለግብሩና ለመንገድ ቅጣቱ መንግሥት የሚጠራው እርሱን ነው። መኪናው ግን የአበዳሪ፣ የድርጅት ወይም የሌላ ሰው ንብረት ሊሆን ይችላል። ይህን ልዩነት ለአክስቴ ልጅ ለማስረዳት ከማንኛውም ነገር ይልቅ ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል፤ ምክንያቱም «ሊብሬ» የሚለው ቃል በአፋችን ላይ እስካለ ድረስ ትርጉሙም አብሮት ይመጣል።

ወደ አገልግሎቱ ልግባ። የመንግሥቱ ማጣሪያ ሁለት ገጾች አሉት፤ ሁለቱም በነጻ የሚሠሩና የሰሌዳ ቁጥር ብቻ የሚጠይቁ ናቸው። የመጀመሪያው ስዋንዚ ከተማ የሚገኘው የአሽከርካሪዎችና የተሽከርካሪዎች ፈቃድ ሰጪ ኤጀንሲ፣ በተለምዶ ዲ ቪ ኤል ኤ የሚባለው፣ የያዘውን መዝገብ ያሳያል፦ የመኪናውን ስሪት፣ ቀለም፣ የነዳጅ ዓይነት፣ የሞተር መጠን፣ የተመረተበትን ዓመት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበበትን ወር፣ ግብሩ የሚያበቃበትን ቀን፣ ወደ ውጭ አገር ተልኳል የሚል ምልክት እንዳለበትና የመጨረሻው ሎግ ቡክ የተሰጠበትን ቀን። ሁለተኛው ኤም ኦ ቲ የሚባለውን የዓመት ምርመራ ታሪክ የያዘ ነው። ሁለቱንም ከሻጩ በር ላይ ቆሜ በስልኬ ከፍቼአቸዋለሁ፤ መልሱ የሚመጣው በሰከንዶች ውስጥ ሲሆን፣ መዝገብ መክፈት ወይም ካርድ ማስገባት አያስፈልግም። ለሕዝብ የተዘጋጀ አገልግሎት እንዲህ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ።

ከመጀመሪያው ገጽ ብዙ ሰው ዘልሎ የሚያልፈው፣ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው፣ የመጨረሻው ሎግ ቡክ የተሰጠበት ቀን ነው። ያየናት ሁለተኛ መኪና በማስታወቂያው ላይ «አምስት ዓመት የቤተሰባችን መኪና የነበረች» ተብላ ነበር የቀረበችው። ገጹ ግን የመጨረሻው ሎግ ቡክ የወጣው ከ16 ቀን በፊት መሆኑን አሳየ። አድራሻ የለወጠ፣ ሎግ ቡኩ የጠፋበት ወይም የሰሌዳ ቁጥሩን ያስቀየረ ሰውም አዲስ ሎግ ቡክ ስለሚላክለት፣ ቀኑ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ ሻጩን በትሕትና ጠየቅሁት፤ መጀመሪያ አድራሻ ለውጠናል አለ፣ ቆይቶም መኪናዋ የወንድሙ እንደነበረች ተናገረ። ሁለት መልስ ለአንድ ጥያቄ ስለመጣ አመስግነን ወጣን። ሰውየው ያገለገሉ መኪናዎችን እየገዛ የሚሸጥ ነጋዴ ሳይሆን አይቀርም፤ ነጋዴ መሆን ነውር የለበትም፣ ራሱን የቤተሰብ ሰው አስመስሎ የሚያቀርብ ነጋዴ ግን ሕጉ ለገዢ የሚሰጠውን መብት እየሸሸ ነው።

የምርመራ ታሪኩ ገጽ ከዚህም የበለጠ ሀብት አለው። በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድና በዌልስ ከእ.ኤ.አ. 2005 ጀምሮ፣ በሰሜን አየርላንድ ደግሞ ከ2017 ጀምሮ የተደረጉ ምርመራዎች ውጤት በቅደም ተከተል ተዘርዝሯል፤ ያለፈበትም የወደቀበትም፣ የወደቀበት ምክንያትም፣ በዕለቱ የተነበበው ማይልም ጭምር። በታላቋ ብሪታኒያ መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ኤም ኦ ቲ የሚገባው 3 ዓመት ሲሞላው በመሆኑ ከዚያ በታች ለሆነ መኪና ገጹ ባዶ ነው። ከጃፓን ወይም ከሌላ አገር አገልግሎ ለመጣም እንዲሁ ታሪኩ የሚጀምረው እዚህ ከተመዘገበ በኋላ ነው፤ የተመረተበት ዓመትና ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበበት ወር ተራርቀው ከተገኙ በመካከል ያለው ዘመን የት እንዳለፈ ሻጩን መጠየቅ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያዋን መኪና የተውናት በዚህ ገጽ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የተመዘገበች ቶዮታ ኦሪስ ሃይብሪድ ስትሆን ክሩስኮቷ ላይ የሚታየው 84,600 ማይል ነበር፤ ለዕድሜዋ የሚያስመሰግን ቁጥር ነው። በ2019 የተደረገላት ምርመራ 88,140፣ የ2021ዱ 117,902 ሲል፣ የ2022ቱ ደግሞ 71,350 ይላል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት በዚሁ ዝቅተኛ ቁጥር ላይ እየጨመሩ ይቀጥላሉ። መርማሪው ቁጥር ሲያስገባ ሊሳሳት ስለሚችል አንዲት የተዛነፈች ንባብ ብቻ ታይታ ሻጭን ሌባ ማለት ተገቢ አይደለም። የጽሕፈት ስሕተት ከሆነ የሚቀጥለው ዓመት ንባብ ወደ ቀድሞው መስመር ይመለሳል፤ ቁጥሩ ወርዶ በወረደበት ከቀጠለ ግን ቆጣሪው ተነክቷል ወይም ተለውጧል፣ የተለወጠ ከሆነም የጋራዥ ደረሰኝ ሊኖር ይገባል። ሻጩ ደረሰኝ አልነበረውም። በ4,500 ፓውንድ ልንወስዳት የነበረችው መኪና ከ130,000 ማይል ያላነሰ ሳትሠራ አልቀረችም፤ ይህንን ያወቅነው አንዲት ሳንቲም ሳንከፍል ነው።

በሌላ በኩል፣ ማይሉ በሥርዓት እየጨመረ መሄዱ ብቻውን ንጽሕና አይደለም። በየዓመቱ 14,000 እና 15,000 ማይል ስትሮጥ የኖረች መኪና ድንገት በአንዱ ዓመት 900 ብቻ ከጨመረች፣ ወይ ቆማ ከርማለች ወይም ቆጣሪው ከምርመራው በፊት ወደ ኋላ ተመልሷል። በዚህ ጊዜ የፍሬን ፔዳሉን ላስቲክ፣ የመሪውን ቆዳና የሾፌሩን ወንበር ጠርዝ መመልከት ከማንኛውም ገጽ ይበልጣል።

የዚህ ገጽ ትልቁ ችግር ለወገኖቻችን ቋንቋው ነው። ከእንግሊዝኛ ውጭ የሚያቀርበው በዌልስኛ ብቻ ሲሆን፣ የጉድለቶቹ አገላለጽ ደግሞ እንግሊዝኛ በደንብ ለሚናገር ሰው እንኳ የመካኒክ ቋንቋ ነው። ከግንቦት 2018 ወዲህ ጉድለቶች በደረጃ ይከፈላሉ፦ «ዴንጀረስ» የተባለው መኪናውን ከመንገድ የሚያግድ አደጋ፣ «ሜጀር» የሚጥል ጉድለት፣ «ማይነር» ግን አልፎም ቢሆን መጠገን ያለበት ነው፤ «አድቫይዘሪ» ደግሞ ለወደፊቱ ተከታተለው የሚል ማሳሰቢያ ነው። ብዙ ሰው አልፏል የሚለውን አረንጓዴ ጽሑፍ አይቶ ማሳሰቢያውን ሳያነብ ይዘጋዋል። እኔ ግን ጉዳዩ ያለው እዚያ ነው እላለሁ። «ኮሮድድ» ማለት ዝገት ነው፤ የፍሬን ቱቦ ወይም የሻንሲው አካል ከሆነ ነገሩ ብርቱ ነው። «ቡሽ» የሚለው እኛ ጎሚኒ የምንለው ነው። «ሾክ አብዞርበር» አሞርዛቶር፣ «ኤግዞስት» ማርሚታ ነው። አንድ ማሳሰቢያ ለሦስት ዓመት በተከታታይ ከተደጋገመ፣ ባለመኪናው ሦስት ጊዜ ተነግሮት አላሠራም ማለት ነው፤ ይህም ስለዚያ ዕቃ ብቻ ሳይሆን ዘይቱን በጊዜው ስለመለወጡም የሚነግር ይመስለኛል።

የግብሩን ጉዳይ በአጭሩ ላንሣ። ከጥቅምት 1 ቀን 2014 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የመንገድ ግብር ከመኪናው ጋር ለገዢ አይተላለፍም፤ ሻጩ የቀሩትን ሙሉ ወራት ገንዘብ መልሶ ይቀበላል፣ ገዢው ደግሞ ከመንዳቱ በፊት በራሱ ስም መክፈል አለበት። ስለዚህ ገጹ ላይ «ግብር ተከፍሏል» ማለቱ ለገዢ የሚተርፍ ጥቅም አይደለም። «ሶርን» የሚል ከሆነ መኪናው ከመንገድ ውጭ ነው ተብሎ የተመዘገበ ስለሆነ፣ አስቀድሞ ቀጠሮ ወደተያዘለት ምርመራ ካልሆነ በቀር በሕዝብ መንገድ ላይ ለሙከራ እንኳ መንዳት አይፈቀድም።

አሁን አገልግሎቱ ወደሚያበቃበት ልምጣ። እነዚህ ሁለት ገጾች የሚያውቁት ሰሌዳውን እንጂ ፊታችን የቆመውን መኪና አይደለም። የተሰረቀ መኪና ላይ በስሪት፣ በቀለምና በዓመት የሚመሳሰለውን የሌላ ንጹሕ መኪና ሰሌዳ አስመስለው የሚለጥፉ ሌቦች አሉ፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ገጹ የሚያሳየው ሁሉ ትክክል ነው፣ የሚናገረው ግን ስለ ሌላ መኪና ነው። መፍትሔው ሻንሲ ቁጥሩን ማንበብ ነው። ቁጥሩ 17 ፊደላትና አሃዞች ያሉት ሲሆን አይ፣ ኦ እና ኪው የተባሉት የላቲን ፊደላት ከአንድና ከዜሮ ጋር እንዳይምታቱ ስለማይገቡበት፣ ከነዚህ አንዱ ከታየ ቁጥሩ የተፈበረከ ነው። ከፊት መስታወቱ ሥር፣ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ፣ እንደ ስሪቱም ኮፈኑን ከፍቶ ወይም ከምንጣፉ ሥር ይገኛል። በሁሉም ቦታ አንድ መሆኑን፣ ሎግ ቡኩ ላይ ካለውም ጋር መግጠሙን፣ ዙሪያው አለመፋቁንም መመልከት ይገባል። ሰሌዳው በላቲኑ ኪው የሚጀምር ከሆነ ደግሞ የመኪናው ዕድሜ ወይም ማንነት በማስረጃ ያልተረጋገጠ መሆኑን መንግሥት ራሱ እየነገረን ነው።

ሎግ ቡኩም ራሱ መመርመር አለበት። ወደ ብርሃን ሲያነሡት በወረቀቱ ውስጥ የዲ ቪ ኤል የውኃ ምልክት ይታያል። መለያ ቁጥሩ ከቢጂ 8229501 እስከ ቢጂ 9999030 ወይም ከቢአይ 2305501 እስከ ቢአይ 2800000 ባለው ውስጥ ከሆነ ከተሰረቁ ባዶ ወረቀቶች አንዱ ሊሆን ስለሚችል፣ መንግሥት መኪናውን እንዳትገዙ፣ ደኅና ቦታ ስትደርሱም ለፖሊስ እንድታመለክቱ ያሳስባል። ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ጥቅምም አለው፦ ሎግ ቡኩ ላይ ያለውን ባለ 11 አሃዝ ቁጥር የምርመራ ታሪኩ ገጽ ላይ ስታስገቡ፣ እያንዳንዱ ምርመራ በየትኛው ጋራዥ እንደተደረገ ይገለጣል። «ከለንደን ወጥታ አታውቅም» የተባለች መኪና ምርመራዋ ሁሉ በባሕር ዳርቻ ከተማ ተደርጎ ከተገኘ፣ ወሬው ይቀርና ከሥር ዝገቱ ይታያል።

ከሁሉ የከበደው ክፍተት ዕዳ ነው። በእነዚህ የነጻ ገጾች ላይ መኪናው በብድር ስለመያዙ፣ ስለመሰረቁ ወይም በኢንሹራንስ ተሰብሯል ተብሎ ስለመጣሉ አንድም ቃል አይገኝም። እዚህ ላይ ነው ክፍያ የሚጠይቁት አገልግሎቶች የሚያስፈልጉት። ከእነርሱ ውስጥ ስሙ ከሥራው ጋር የተጣበቀው እ.ኤ.አ. በ1938 የተቋቋመው ኤች ፒ አይ ነው፤ ሰዎች የትኛውንም የታሪክ ማጣሪያ «ኤች ፒ አይ ቼክ» ሲሉ የሚሰማው ከዚያ የተነሣ ነው። የአሽከርካሪዎች ድርጅቶች የሆኑት ኤ ኤ እና አር ኤ ሲም ተመሳሳይ አገልግሎት ይሸጣሉ። ከመክፈል በፊት ማየት ያለብን ሪፖርቱ ዕዳን፣ ስርቆትንና የኢንሹራንስ አደጋን ሦስቱንም መያዙን ነው፤ በጥቂት ፓውንድ የሚሸጡ አንዳንድ ሪፖርቶች ከመንግሥት ገጽ በነጻ የሚገኘውን አሳምረው መልሰው የሚሸጡ ናቸው። አንድ ጊዜ እኔም እንዲህ ያለውን ገዝቻለሁ፤ ከገጹ ያላነበብኩት አንድም አዲስ ነገር አላገኘሁበትም።

ዕዳውን በሚመለከት ሕጉ ሁለት መልክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣው የሀየር ፐርቸስ (ዕዳው ተከፍሎ እስኪያልቅ መኪናው የአበዳሪው ሆኖ የሚቆይበት የዱቤ ግዢ) ሕግ መሠረት፣ መኪናው በዚህ ዓይነት የዱቤ ውል መያዙን ሳያውቅ በቅን ልቦና የገዛ ግለሰብ ጥበቃ አለው፤ ቢሆንም አለማወቁን እያስረዳ ከአበዳሪው ጋር መጻጻፉ አይቀርለትም። «ሎግ ቡክ ሎን» በሚባለው፣ መኪናን መያዣ አድርጎ በሚሰጠው ብድር ግን ነገሩ ሌላ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ይህ ብድር የሚቆመው በ1878 እና በ1882 በወጡ አሮጌ ሕጎች ላይ ሲሆን፣ ሻጩ ብድሩን ካልከፈለ ምንም የማያውቀው ገዢ መኪናውን ሊነጠቅ ይችላል። በእኔ ላይ የደረሰው ይህ ነው። ሎግ ቡኩ በሻጩ ስም፣ ግብሩ የተከፈለ፣ ምርመራው ያለፈ ነበር፤ ከአራት ወር በኋላ ግን የብድሩን ደብዳቤ የያዙ ሰዎች በሬን አንኳኩ። መኪናውን ላለመልቀቅ ከተደራደርን በኋላ ከዋጋው ሲሶ የሚሆን ገንዘብ ሁለተኛ ከፈልኩ። ሻጩ ስልኩን ዳግመኛ አላነሣም። ስለዚህ ለሦስት ቁርጥ ያለ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ የክፍያ ሪፖርት ውድ ነው የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ ልስማማ አልችልም።

የኢንሹራንስ አደጋን በተመለከተ፣ ከጥቅምት 2017 ወዲህ ምድቦቹ አራት ናቸው። «ኤ» ሙሉ በሙሉ የሚጨፈለቅ፣ «ቢ» መለዋወጫው ብቻ የሚወሰድ ሲሆን ሁለቱም መንገድ ላይ መመለስ የለባቸውም። «ኤስ» አጽሙ ተጎድቶ ሊጠገን የሚችል፣ «ኤን» ደግሞ አጽሙ ያልተነካ ነው። ኤን የሆነ መኪና በዋጋው ቀንሶ፣ ጥገናውም በደረሰኝ ተረጋግጦ ከቀረበ አልጠላውም፤ ኤስ የሆነውን ግን የራሴን ልጅ አላሳፍርበትም።

ለንደን ለሚኖር ገዢ አንድ ነጻ ማጣሪያ ይቀራል። ዩሌዝ የሚባለው የብክለት ቀጠና ከነሐሴ 29 ቀን 2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ መላውን የለንደን ክልል ስለሚሸፍን፣ መስፈርቱን የማያሟላ መኪና በተነዳበት ቀን ሁሉ 12.50 ፓውንድ ያስከፍላል። በአውሮፓ የጭስ ልቀት ደረጃ በጥቅሉ ቤንዚኑ ዩሮ 4፣ ናፍጣው ዩሮ 6 መሆን አለበት፤ የከተማው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ገጽ ሰሌዳውን ተቀብሎ ወዲያውኑ ይመልሳል። ርካሽ ናፍጣ መኪና ከለንደን ውጭ ገዝቶ ለሚመጣ ሰው ይህ ማጣሪያ ከሁሉ ሊቀድም ይገባል።

በሦስት ሳምንት ውስጥ ሰባት መኪና አየን። በስድስተኛዋ መኪና ተስፋ ቆርጦ የነበረው የአክስቴ ልጅ ሰባተኛዋን እርሱ ራሱ አጣራት፤ እኔ ዝም ብዬ ቆሜ ተመለከትኩት። እ.ኤ.አ. የ2015 ያሪስ ነበረች። የመጨረሻው ሎግ ቡክ ከስድስት ዓመት በፊት የወጣ፣ ማይሏ ሳይዛነፍ የጨመረ፣ ሻንሲ ቁጥሯ በሦስት ቦታ አንድ፣ የክፍያ ሪፖርቱም ንጹሕ ሆነ። ሁለት ዓመት የተደጋገመችውን የኋላ ፍሬን ዲስክ ማሳሰቢያ ጠቅሶ ከዋጋው 250 ፓውንድ አስቀነሰ። ገንዘቡን ካስተላለፈ በኋላ ሻጯ ከሎግ ቡኩ ቀድዳ የሰጠችውን የአዲስ ያዥ ወረቀት ይዞ፣ በላዩ ያለውን ባለ 12 አሃዝ ቁጥር አስገብቶ ግብሩን ከደጃፏ ሳይነሣ ከፈለ፤ እርሷም የያዥ ለውጡን እዚያው በስልኳ አስመዘገበች። ሎግ ቡኩ በስሙ በፖስታ በመጣ ዕለት ደውሎልኝ፣ አቃፊ ገዝቶ ከሽያጭ ደረሰኙና ከሪፖርቱ ጋር አንድ ላይ እንዳስቀመጠው ነገረኝ።